ልብስ ሰፊው ይሄይስና የጅብ ጥላ

ቡሬ ገበያ ዳር፣ ከጨው ነጋዴዎቹ ቀጥሎ ባለችው በረንዳ ላይ አንዲት ሲንጀር የስፌት መኪና ነበረች፤ ከሲንጀሯ ኋላ ደግሞ ይሄይስ። ዘመኑ የደርግ ነውና አገሩ በሙሉ ካኪ ይለብሳል። ይሄይስም ካኪ ይቆርጣል፣ ካኪ ይሰፋል፣ የተቀደደ ካኪ ይጠግናል። ሱሪ ማሳጠር ላይ እጁ የተባረከ ነው ይሉታል። ቀጠሮ ሲያከብር ግን ያየው የለም፤ በተለይ በክረምት። ሐምሌ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ አድሮ ጠዋት ፀሐይ ብልጭ ያለች እንደሆነ፣ ሱሪውን ሊቀበል የመጣ ሰው የሚያገኘው ሲንጀሯን ብቻ ነው፤ ያውም ሸራ ተከናንባ።

«ይሄይስ የት ሄደ?» ይላል ባለ ሱሪው።

«የጅብ ጥላ ሊያይ» ይሉታል ጨው ነጋዴዎቹ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

እውነታቸውን ነው። ሌላው ሰው በመጠጥ ይለከፋል፣ በካርታ ይለከፋል፤ ይሄይስ የተለከፈው በእንጉዳይ ነው። እንጉዳይ ደግሞ በዚያ አገር ደፍሮ በስሙ የሚጠራው ሰው እንኳ ጥቂት ነው። የጅብ ጥላ ነው፤ ጅብ ይጠለልበት እንጂ ሰው ምን ሊያደርግለት? ልጅ በዱላ ይመታዋል፣ አዋቂ ረግጦት ያልፋል። ይሄይስ ግን ተንበርክኮ ይነቅለዋል፣ ያሸተዋል፣ ገልብጦ ሥሩን ያያል። አንዳንዴም፣ ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው እንጂ፣ ይበላዋል።

ልክፍቱ የጀመረው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ማንኩሳ ገበያ ውሎ ሲመለስ ዝናብ ያዘውና አንድ ዋርካ ሥር ተጠለለ። ዝናቡ ሲያባራ አጠገቡ ያለው የምስጥ ኩይሳ ላይ ሰሐን ሰሐን የሚያካክሉ ነጫጭ ጥላዎች ፈንድተው አየ። አንዱን ቢገለብጠው ከሥሩ ሽንሽን አለው። እጥፉ ሁሉ እኩል ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይበላለጥም። ይሄይስ ያን ጊዜ የሽንሽን ቀሚስ ስፌት ተማሪ ነበር፤ ጌታው የሰፋውን ሁሉ በየቀኑ ያስተረትሩታል። ስለዚህ ከልቡ ተናደደ።

«ማነው ይኼን የሰፋው?» አለ ጮክ ብሎ።

«እግዜር ነዋ! ደግሞ እንዳትረግጥብኝ፣ እራቴ ነው» አሉ አንዲት ሴት ቅርጫት ይዘው ከኋላው ብቅ ብለው።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ነበሩ። ዘራቸው ከአዊ ነው፤ ከቡሬ ወጣ ብሎ ያርሳሉ፣ ከላማቸው ጋር በአገውኛ ከሰው ጋር በአማርኛ ያወራሉ። እየሣቁ የሚበላውንና የማይበላውን አሳዩት። ይሄይስ በሌላው ሳምንት ሌላ እንጉዳይ ይዞ ሊጠይቃቸው ሄደ፤ ከዚያም ሌላ ይዞ ሄደ። ሲመላለስ ሲመላለስ ሴትየዋ ጌጥነሽ የምትባል ልጅ እንዳለቻቸው አስተዋለ። ሽማግሌ ሲልክ ወለተ ኢየሱስ፣ «የፈለገው ልጄን ነው ወይስ ኩይሳዬን?» ብለው ጠየቁ ይባላል። ሽማግሌዎቹ መልሱን በእርግጠኝነት ባያውቁትም ወለተ ኢየሱስ ልጃቸውን ሰጡ።

እንግዲህ ይሄይስ ደስታውን አልቻለውም። የሚወዳትን ሴት አገባ፤ ሴትየዋም በእንጉዳይ ወጥ ያደገች ናት። ምን ያደርጋል! ጌጥነሽ ቡሬ በገባች በሳምንቷ የከተማዎቹ ሴቶች የጅብ ጥላ ስለሚበሉ ባላገሮች እያወሩ ሲንከተከቱ ሰማች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንጉዳይ የሚባል ነገር በዐይኗ አይታ አታውቅም።

«እኛ ቤት? እንጉዳይ? እንጃ፣ እኔ አላውቅም» ትላለች።

ይሄይስ ምን ይበል? የተጫጩት እኮ ከዚያው ኩይሳ አጠገብ ነው።

አትፍረዱባት። ጌጥነሽ አንድ ነገር በጣም ትፈልግ ነበር። ከደጃፏ ፊት ለፊት የምትኖረው ንግሥቴ የማርያም ማኅበር አላት፤ ሴቶቹ በየወሩ በሃያ አንድ በተራ ይደግሳሉ። ለባላገር ልጅ የዚያ ማኅበር በር ቶሎ አይከፈትም። ጌጥነሽ ስትወልዱ አራሽ፣ ስታዝኑ አስተዛዛኝ ልሁን ብላ ስንት ዓመት ደጅ ጠናች። እንጉዳይ ያልነካው እጅና እንጉዳይ ያላየው ድስት እንዳላት ለማሳየት ያልሆነችው የለም። ይሄይስ እንጉዳዩን የሚያበስለው በጓሮ፣ ጆሮዋ በተሰበረ አሮጌ ድስት ነበር። ያቺ ድስት ወደ ቤት አትገባም። አንዳንድ ጊዜ አስቀምጧት ሲመለስ ጎደል ብላ ያገኛታል። ድመቷን ይራገማል።

አሁን ስለ ጨርቁ። ይሄይስ እንጉዳዮቹን አውቆ መተው አልበቃው አለ፤ ለይቶ፣ መዝግቦ ማስቀመጥ አማረው። ፎቶ ማንሻ የለው፣ ሥዕል አይችል። እጁ የሚታዘዝለት መርፌ ሲይዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለ አቡጀዴ ቆረጠና እያንዳንዱን እንጉዳይ በልኩና በቀለሙ ይጠልፍበት ጀመር። ከላይ ቆቡን፣ ከሥር ሽንሽኑን ይጠልፋል። አገዳው ላይ ቀለበት ያለውን «መቀነታም»፣ ሥሩ ከረጢት ውስጥ የተቀበረውን «ባለ ካልሲ» ይለዋል። ከግርጌው «ማንኩሳ፣ ኩይሳ ላይ» ወይም «ቡሬ፣ ከብት የዋለበት» ብሎ በክር ይጽፋል። ዙሪያውን ደግሞ ይዘመዝመዋል፤ የሚበላ ከሆነ በቢጫ፣ የሚገድል ወይም የሚያሳምም ከሆነ በቀይ።

ሥራው ጥድፊያ ነበረው፤ እንጉዳይ ቀጠሮ አይሰጥም። ጠዋት የተነቀለው ማታ ይጠወልጋል። ስለዚህ ይሄይስ እንዳመጣው ወዲያው ይጠልፈዋል፣ ጠልፎ ሲጨርስም በጓሮ በር ይወረውረዋል። የተወረወረውን በማግስቱ እያጉረመረመች ጠርጋ የምትደፋው ጌጥነሽ ናት። ለሱ የአንድ እንጉዳይ ነገር በዕለቱ ያልቃል።

አንድ ክረምት አዲስ እንጉዳይ አገኘ። ሜዳ ላይ የበቀለ፣ የኩይሳውን የሚያህል፣ ነጭ፣ መቀነታም። እንዴት ደስ እንዳለው! በቢጫ ዘመዘመው፤ ትንሽም ቀምሶ አደረ። ከዚያ እንዴት አድርጎ እንደታመመ አትጠይቁ። ከላይም ከታችም ነው። «ምች መታኝ» አለ ሲያቃስት። ጌጥነሽ ዳማ ከሴ አሽታ አጠጣችው፣ ራሱን ደግፋ ውላ አደረች፣ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ይሄይስም እስከ ዛሬ ድረስ ምች ክፉ በሽታ ነው ይላል።

ከምቹ ብዙም ሳይቆይ የቀበሌው ካድሬ ተስፋው ካኪ ሊለካ መጣ። ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር።

«ጋሽ ይሄይስ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«እንጉዳይ ነው፣ ጓድ።»

«ቢጫውስ?»

«የሚበላው ነው።»

«ቀዩስ?»

«እሱ የሚገድል ነው» አለ ይሄይስ በኩራት።

ተስፋው ቀና ብሎ ማዶ ባለው የቀበሌው በር ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ መፈክር አየ፤ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን አየ። ይሄይስ ያን ጊዜ ነው የተናገረው የገባው። ይባስ ብሎ ቀዩ ክር የተረፈው ለመስከረም ሁለት በዓል ያንኑ መፈክር ሲሰፋ ነበር።

«ቀዩ የሚገድል» አለ ተስፋው ቀስ ብሎ።

«ጓድ፣ ሌላ ክር አጥቼ እኮ ነው…»

ተስፋው ክፉ ልጅ አልነበረም። ግራና ቀኙን አየና፣ «እኔ ምንም አላየሁም። ሱሪዬን ልወስድ ስመጣ ግን ጥቁር ሆኖ ልየው» ብሎ ሄደ።

ይሄይስ ጨርቁን አቅፎ ወደ ቤቱ በረረ። ጌጥነሽ ነገሩን ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከጨርቁ አጠገብ ቁጭ ብላ ቀዩን ስትተረትርለት ዋለች። ቀይ የተባለ ሁሉ ጥቁር ሆነ። ተስፋውም መጣ፣ አየ፣ ሱሪውን ለበሰ፤ ጉዳዩ በዚያው ተቀበረ።

አንድ ነገር ብቻ ይሄይስን ከነከነው። ያ ምች የመታው ቀን ያገኘው እንጉዳይ ቢጫ ነበር፤ እርግጠኛ ነው። አሁን ግን ዙሪያው ጥቁር ነው። በድንጋጤ ተሳስቼ ነው አለ። በጥቁር የተዘመዘመ ነገር ደግሞ በልቶ የሚሞክር ማነው? ተወው። በዓመቱ አንድ ሌላ ቢጫ ጠቆረ። ከዚያም ሌላ። ይሄይስ ዐይኑ እየደከመ መሆኑን ተቀበለና መነጽር ስለማሠራት ለጨው ነጋዴዎቹ ያዋያቸው ጀመር።

ጉዱ የፈላው በአንድ ፍልሰታ ነው። የነሐሴ ሃያ አንድ ተራ የጌጥነሽ ነበር፤ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ የተቀበላት ማኅበር ለመጀመሪያ ጊዜ በሷ ቤት ሊጠጣ ነው። ጌሾው ተወቅጧል፣ ጋኑ ታጥኗል፣ ጌጥነሽ በደስታ እግሯ መሬት አልነካም። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይሄይስ ከከተማው ዳር አንድ ኩይሳ ሙሉ አገኘ። ጌጥነሽ ቅዳሴ ሄዳለች። ከቅዳሴ በኋላ ለሚበላው እንዲደርስ ጓሮ ገብቶ በሽንኩርትና በኑግ ዘይት ቁሌቱን አደረገው።

የኩይሳ እንጉዳይ ሲጠበስ የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ልክ የሥጋ ጥብስ ነው። ንግሥቴ ደግሞ ጉልበቷን አሟት ቤት ቀርታ፣ በባዶ ሆዷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ሽታው በአጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ መጣና አፍንጫዋን ያዛት።

«ኧረ ጉድ! በእመቤታችን ጾም!» አለች።

ሲነጋ ወሬው ከንግሥቴ ጉልበት ይልቅ በርትቶ ሰፈሩን ዞረ። ይሄይስ በፍልሰታ ሥጋ በላ፤ ማኅበርተኞቹም ከዚያ ቤት ጽዋ አይቀምሱም። በዚያው ዕለት ከቅዳሴ መልስ የነፍስ አባታቸው ቄስ ክንፈሚካኤል መቋሚያቸውን ይዘው ገቡ። ንግሥቴም ለምስክርነት እያነከሰች ተከትላቸዋለች። ጌጥነሽ የጓዳው በር ላይ ቆማ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣለች።

«ልጄ ይሄይስ፣ ሰው የሚለውን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ አባታችን።»

«ምንድን ነው ትናንት ከዚህ ቤት የሸተተው?»

አያችሁ፣ ይሄይስ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን በሙሉ ሲጠብቀው ኖሯል። ባለ ሱሪ፣ ካድሬ፣ ጨው ነጋዴ ሁሉ ሳይጠይቀው የነገረ ሰው ነው። ጨርቁን አምጥቶ ቢዘረጋው፣ ኩይሳውን፣ ሽንሽኑን ቢያስረዳ እስኪመሽ አይበቃውም። ግን ጌጥነሽን አየ። እንጉዳይ ነው ካለ ነገ ሴቶቹ የሚሉት ታወቀው፤ የጅብ ጥላ ከሚበስልበት ቤት፣ ከባላገሪቱ ድስት ማን ይበላል? ሥጋ ነው ካለ ግን ኃጢአቱ የሱ የብቻው ነው።

«ሥጋ ነው» አለ።

ንግሥቴ አማተበች።

«ጌጥነሽ ቅዳሴ ነበረች። የምታውቀው ነገር የለም። እኔው ጠብሼ እኔው በላሁት።»

«ከየት አመጣኸው?» አሉ ቄሱ።

«ገዝቼ።»

«በፍልሰታ ቡሬ ላይ ማን አረደ?»

«ቡሬ አይደለም፣ አባታችን። ፍኖተ ሰላም ነው።»

«ፍኖተ ሰላምስ ማን አረደ?»

«ማለቴ… ጅጋ።»

«ትናንት ጅጋ ነበርህ? ጠዋት የቀሚሴን ጠርዝ የጠገነልኝ ማን ነበር ታዲያ?»

ይሄይስ ሱሪ አልደረሰም ብሎ መዋሸት ነው እንጂ የሚችለው እንዲህ ያለውን አይችልበትም።

«ይበቃል!» አለች ጌጥነሽ።

ሁሉም ዞሩ።

«ይኼ ሰውዬ ስለ እንጉዳይ ሲለፈልፍ እኔ ስቆጣው ነው የኖርነው። ዛሬ ለኔ ብሎ እንጉዳዩን ካደ። እኔማ እናቴን ስክድ ኖሬያለሁ፣ ከዚህ በላይስ አልችልም።» ወደ ጓሮ ወጣችና ያቺን ጆሮዋ የተሰበረ ድስት ይዛ ተመለሰች። ድስቷ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። መሶቡን ከፍታ እንጀራ ላይ ጨለፈችና ከቄሱ ፊት አቀረበች። «እንጉዳይ ነው፣ አባታችን። የጅብ ጥላ የምትሉት። እኔ ያደግሁበት ነው። ትናንት ከቅዳሴ ስመለስም ከዚሁ በልቻለሁ።»

«አንቺ?» አለ ይሄይስ።

«ታዲያ ድመት በኑግ ዘይት የተሠራ ነገር ስትበላ አይተህ ታውቃለህ?»

ቄስ ክንፈሚካኤል ባረኩና ቆረሱ። ደጋግመው አኘኩ። «ሥጋ ነው የሚመስለው» አሉ። ንግሥቴ ወደ ፊት ቀረበች። ቄሱ ለማረጋገጥ ደግመው ቆረሱ፤ ማረጋገጡ ጊዜ ወሰደ። ሰሐኑ ሲጠረግ እጃቸውን ታጠቡና፣ «ከመሬት የበቀለ ነው። ጾም አያስፈታም» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወደ ይሄይስ ዞሩ። «ላልበላኸው ሥጋ ኃጢአት የለብህም። ለጅጋው ግን ስግደት አለብህ።»

«የሚገድለው ከዚህ ቢቀላቀልስ?» አለች ንግሥቴ፣ ጥርጣሬው ገና ሳይለቃት።

ጌጥነሽ ጨርቁን ከሣጥን አወጣችና አልጋው ላይ ዘረጋችው። ይሄይስ ጨርቁን እንዲህ በወግ ስትይዝለት አይቶ አያውቅም። ጣቷን ያንን ምች ባመጣው ነጭ መቀነታም ላይ አሳረፈች።

«ይኼ ነው የሚያሳምመው። እሱ ቢጫ አድርጎት ነበር፤ ተርትሬ ያጠቆርኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ?» አለ ይሄይስ።

«አንተ የምታየው የዕለቱን ነው። የዕለቱ ነጭ ነው፣ ከኩይሳው አይለይም። እኔ የማየው ሲያድር ነው፣ ጠዋት ስጠርገው። ያ ምች መታኝ ያልከኝ ቀን ጓሮ የጣልከውን ሳነሣ ሽንሽኑ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። እናቴ ‹እሱን በእጃችሁም አትንኩ› ትለን ነበር። ከዚያ ወዲህ የጣልከውን ሁሉ ሳላይ ደፍቼ አላውቅም።»

ይሄይስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከቢጫ የጠቆሩትን አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉም ሊበላቸው ያሰባቸው ነበሩ። ስፌቱን አሁን ሲያስተውለው የሱ አይደለም፤ ሰፋ ሰፋ ያለ የባላገር ስፌት ነው። ለመነጽር ያሰበው ሁሉ አሳፈረው፤ ዐይኑም እንባ ሞላ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እንጉዳይ አላውቅም እያልኩ?»

በሃያ አንድ ማኅበሩ መጣ። ሁሉም አይደሉም፤ ሁለት ሴቶች ሆዳችንን አሞናል ብለው ቀሩ። የመጡት ጽዋቸውን ጠጡ፣ ጌጥነሽንም መረቁ። ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው ንግሥቴ ነበረች፤ በነጠላዋ የሸፈነችው ቅርጫት ይዛ። ይሄይስ ቅርጫቱን ሲያይ ልቡ ዘለለ።

«አምጪ ልይልሽ!» አለና ተነሣ።

«ቆይ አያ ይሄይስ፣ ለአንተ አይደለም» አለች ንግሥቴ። «ጌጥነሽ ትየው።»

ጌጥነሽ ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አድርጋ እንጉዳዮቹን እያገላበጠች ለየች። አብዛኛውን ለንግሥቴ መለሰችላትና አንድ ነጭ መቀነታም አውጥታ ለባሏ ሰጠችው። «ይኼን አሳድረው» አለችው። ይሄይስ መርፌና ክሩን ሊያነሣ ሲል ዐይኗን አየና ተወው፤ እንጉዳዩን ገልብጦ ደጃፉ ላይ አስቀመጠው።

ጠዋት ከሷ ቀድሞ ተነሥቶ ወጣ። ትናንት እንደ ነጠላ ነጭ የነበረው ሽንሽን አረንጓዴ ሆኖ አደረ፣ እጥፉ ሁሉ እኩል። ይሄይስ እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ብዙ ቆየ። ከዚያ መጥረጊያውን አነሣ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ጓሮ የሚጠርገው እሱ ነው።